ያለ ሰዓቱ የሚመታ ደወል

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ የቤተ ክርስቲያን ደወል የታወቀ ሰዓት አለው፤ ለኪዳን፣ ለቅዳሴ፣ ለቀብር ይመታል። ያለ ሰዓቱ፣ በጥድፊያና ያለ ማቋረጥ ሲመታ ግን መልእክቱ ሌላ ነው፤ እሳት ተነሥቷል፣ ሽፍታ ገብቷል ወይም ሌላ ክፉ ነገር መጥቷል ማለት ነው። የሰማ ሞፈሩን ጥሎ ይሮጣል። ከዚህ ልማድ የሚነሣው ጥያቄ የሃይማኖትም የፍልስፍናም ነው፤ የማስጠንቀቂያ ድምፅ የሰማ ሰው ምን ዕዳ አለበት? ያሰማውስ ዕዳው መቼ ያበቃል?

ገድለ አዳም የተባለው የግእዝ መጽሐፍ፣ ኖኅ መርከቡን ሲሠራ 3 ክንድ ርዝመት ያለው ከእንጨት የተሠራ መጥሪያ እንዲያበጅና በቀን 3 ጊዜ እንዲያሰማ መታዘዙን ይተርካል። ድምፁ ሠራተኞቹን ጠዋት ይሰበስባል፣ ለምግብ ይጠራል፣ ማታ ያሰናብታል፤ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅም የጥፋት ውኃ እንደሚመጣ መንገሪያ ነው። ታሪኩ ከባድ ነገር ይዟል። ጥፋቱን የሚያውጀው ድምፅ በየቀኑ የሚሰማ ነበረና ጆሮ ለመደው።

ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 33 ዕዳውን ለሁለት ይከፍላል። ጉበኛው ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ካልነፋ የሟቹ ደም ከእጁ ይፈለጋል፤ ነፍቶ ሰሚው ካልተጠነቀቀ ግን ደሙ በራሱ በሰሚው ላይ ነው። ፍርዱ ግልጽ ነው። ሆኖም ሰምቶ መሸሽ የማይችለውን፣ በሽተኛውን፣ አራሷን፣ ታቦቱን ትቶ አልሄድም ያለውን ካህን አያነሣም። ጎንደር እንዲህ ያሉትን ሰዎች ታውቃቸዋለች። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደምቢያ ውስጥ ሣር ውኃ ላይ ድል ከተመቱ በኋላ ከሱዳን የመጣው የደርቡሽ ጦር ወደ ከተማይቱ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ጠላትን የመለሰው ከቅጥሩ የወጣ የንብ መንጋ ነበር። መሸሽ ለማይችል ሰው የአደጋውን መምጣት ማወቅ ብቻውን አያድነውም፤ የሚያድነው የሚደርስለት ነው።

የደጋው ደወል ከዘመኑ ሳይረን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሳይረን በ1819 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ካኛር ደ ላ ቱር ስሙን ካወጣለት በኋላ አድጎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የከተሞች ድምፅ ሆነ፤ ትእዛዙም “ተሸሸግ” ወይም “ሽሽ” ነው። የደወሉ ትእዛዝ “ድረስ” ነው። ሽሽትን የሚያዝ ድምፅ ወዴት እንደሚሸሽ አይናገርም። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ላሃይና ስትቃጠል ሳይረኖቹ አልጮኹም፤ ሕዝቡ የባሕር ማዕበል መጣ ብሎ ወደ ተራራው፣ ማለትም ወደ እሳቱ ይሮጣል ተብሎ ተፈርቶ እንደነበር የአካባቢው የአደጋ ጊዜ ኃላፊ ተናግረዋል። በአንጻሩ ሰውን መሰብሰብም ሁልጊዜ አይበጅም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የክተት ነጋሪት ተመታ፤ የጣሊያን አውሮፕላን በዘመተው ሠራዊት ላይ ሲያንዣብብ ግን ተሰብስቦ መቆም ራስን ለቦምብ ማመቻቸት ሆነ። ስለዚህ የደወሉ ትእዛዝ የሚያዋጣው ለእሳት፣ ለጎርፍና ለሽፍታ እንጂ ከሰማይ ለሚመጣ አይደለም። በእነዚያ አደጋዎች ግን ከሳይረኑ የበለጠ ፍትሐዊ ነው፤ ደካማውን ለብቻው አይተወውም።

የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎቹን ራሳቸውን የሚወዱም አሉ። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ፣ በክራይስለር የመኪና ሞተር የሚጮኹ ግዙፍ ሳይረኖችን ከየጣሪያው እየፈለጉ የሚጠግኑ የሳይረን ወዳጆች አሉ። በእኛ አገር ለዚህ የሚቀርበው የድንጋይ ደወል ፍለጋ ነው። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት፣ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ጭምር፣ ከብረት ደወል ጋር የድንጋይ ደወል ይገኛል። ድንጋይ ሁሉ አይጮኽም፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ስንጥቅ የሌለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተመርጦ በገመድ ይንጠለጠላል፤ መሬት ወይም ግንብ ከነካው ድምፁ ይታፈናል። በትንሽ ድንጋይ ሲመታ የሚሰጠው የጠራ ድምፅ ጎብኚን ያስገርማል፤ ብዙዎች ቀርጸውት ይሄዳሉ።

ይህ ፍቅር የሚመሰገን ነው፤ ግን አልሞላም። ቅጂው ድምፁን ይይዛል፣ ደወሉ ያለ ሰዓቱ እንዲመታ የሚፈቅደው ማን እንደነበር፣ አመታቱ በምን እንደሚለይ፣ ሰው ከየትኞቹ መንደሮች ይደርስ እንደነበር አይዝም። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና መነኮሳት ናቸው። የድንጋይ ደወል ሊቀርጽ የሚሄድ ሰው መቅረጫውን ከመክፈቱ በፊት እነርሱን ይጠይቅ፤ የሚነግሩትንም ከድምፁ ጋር ጽፎ ያስቀምጥ።