«ተመስገን» ስንት ነው?

የመመረቂያ ጥናቴን መጠይቅ መጀመሪያ የሞከርኩት በጎረቤታችን ላይ ነበር። እትዬ ነው የምላቸው። አቦሉን ጠጥተን ቶናው እስኪደርስ ወረቀቴን አወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ እምቢ እያለዎት፣ ወይም ከልክ በላይ እየተኙ ምን ያህል ተቸግረዋል?»

«ተመስገን።»

«ማለቴ... ጭራሽ አልተቸገርኩም? አንዳንድ ቀን? ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት? ወይስ በየቀኑ ማለት ይቻላል?»

«ተመስገን አልኩህ እኮ ልጄ።»

0 ላይ አከበብኩ። እሳቸው ቶናውን እየቀዱ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሲኒው የሚያወሩ ይመስል፣ «ያቺ ልጅ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ማን ተኝቶ ያውቃል? ስገላበጥ ነው የሚነጋው። ተመስገን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል» አሉ።

0ውን ሰርዤ 3 ላይ አከበብኩ። በማግስቱ ለክፍል ጓደኞቼ እንደ ቀልድ አወራሁላቸውና ሳቅን። አሁን ሳስበው ግን የሙያችን ትልቁ ጥያቄ ያኔ ከቡናው ጋር ቀርቦልኝ ነበር። «ተመስገን» ስንት ነው? ውሸት አይደለም፤ እትዬ ዋሽተውኝ አያውቁም። መልስም አይደለም። ምስጋና ነው፣ ይሉኝታ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ እንግዳ እንዳይከፋው ቀስ ተደርጎ የሚዘጋ በር ነው። በዚያ በር ላይ ቁጥር መለጠፍ ይገባል ወይ?

የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ተማሪ ሳለሁ መልሴ «አይገባም» የሚል ነበር። ስታትስቲክስ የሚባለውን ኮርስ ብዙዎቻችን እንደ ቅጣት ነበር የምንወስደው። «እኛ ሰው ልንሰማ ነው የመጣነው፣ ሰው ልንቆጥር አይደለም» እንል ነበር። ደስ የሚል አባባል ነው። ችግሩ፣ ለራስ በጣም የሚመች መሆኑ ነው።

ለምን እንደሚመች ላስረዳ። ሰው ወደ አማካሪ የሚመጣው በደህናው ቀኑ አይደለም፤ ነገሩ ጫፍ ሲደርስበት ነው። ጫፍ የደረሰ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካውም ትንሽ ይረግባል። ስለዚህ በስድስተኛው ሳምንት «አሁን ይሻለኛል» ሲለኝ፣ ያሻለው የኔ ምክር ይሁን ጊዜው አላውቅም። ልቤ ግን ያውቃል፤ «አንተ ነህ ያዳንከው» ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ሃንስ አይሰንክ ይህንኑ አንስቶ ሙያውን አስደነገጠ። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ታካሚዎች የሥነ ልቦና ሕክምና ቢያገኙም ባያገኙም በሁለት ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል አለ። ለዚህ የቁጥር ክስ «እኛ እኮ ሰው ነው የምንሰማው» ማለት መልስ አልሆነም። ጠንከር ያለው መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ሜሪ ሊ ስሚዝ እና ጂን ግላስ 375 ጥናቶችን አንድ ላይ ቆጥረው፣ ሕክምናውን ያገኘ አማካይ ሰው ካላገኙት ከ75 በመቶው የተሻለ ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። ክሱም መልሱም ቁጥር ነበር። ሙያዬን ከጥንቆላ የሚለየው «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ የመቁጠር ድፍረቱ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። መቁጠር ለካ ትሕትናም ነው።

ይህን ሁሉ አምኜ ነው እንግዲህ ወደ መስክ የወጣሁት። ጥናቴ ከቤተሰባቸው ርቀው የመጡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ላይ ነበር። መጠይቁ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነውና በብዙ አገር የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 ነው። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው «ድባቴ ሊኖርበት ይችላል» ተብሎ ይያዛል። ተማሪዎቹ ስማቸውን ሳይጽፉ ራሳቸው ሞልተው ካርቶን ውስጥ ከተቱ። ወረቀቶቹን ቤት ወስጄ ጥግ ጥጋቸው ላይ ቁጥር ሰጠኋቸውና ማታ ማታ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ጀመርኩ።

117ኛው ወረቀት ላይ ደረስኩ። ስሜት፣ 1። እንቅልፍ፣ 1። ድካም፣ 1። ራስን እንደ ውድቅ ማየት፣ 2። የቀሩት 0። ዘጠነኛው ጥያቄ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ምን ያህል እንደሚመላለስ ይጠይቃል። እሱ ላይ 3 ተከቧል። በየቀኑ ማለት ይቻላል።

ድምሩ 8 ነው። ኮምፒውተሩ በታዘዘው መሠረት «ድባቴ የለም» ከሚለው ወገን መደበው።

መጀመሪያ ያደረግኩትን ልናገር፤ ወደ 118 አለፍኩ። ምክንያትም አላጣሁም። ቋንቋችን ራሱ ሞትን እንደ ጨው ነው የሚነሰንሰው፤ ስንወድ «ልሙትልህ»፣ ስናምል «እኔ ልሙት»፣ ስንለምን «አፈር ስሆን» እንላለን። ፈተና የከበደው ተማሪም «በሞትኩት» ብሎ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። «የአነጋገር ልማድ ይሆናል» አልኩና ሦስት አራት ወረቀት አስገባሁ። ከዚያ እጄ ቆመ። ያ ሰው አልተናገረም እኮ፤ አራት ምርጫ ቀርቦለት አንዱን ነው የመረጠው። ደግሞስ «ልማድ ነው» ያልኩት ስላመንኩበት ነው ወይስ መሽቶ ስለነበር?

ሁለተኛው መሸሸጊያዬ 10 የሚለው ቁጥር ነበር። መስመሩ ተሰምሯል፣ 8 ከመስመሩ በታች ነው፣ አበቃ። ግን መስመሩን ማን አሰመረው? አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት 10ን ተስማሚ ሆኖ አግኝቶታል። በጉራጌ ገጠር፣ ሶዶ ወረዳ፣ በጤና ጣቢያ ታካሚዎች ላይ የተሠራው ደግሞ የተሻለ ሆኖ ያገኘው 5ን ነው። መጠይቁ ያው፣ አገሩ ያው፣ መስመሩ ግን በግማሽ ወረደ። መስመሩን ዝቅ ስታደርገው ደህናውን ሰው ሁሉ ታሟል ብለህ ትይዛለህ፤ ከፍ ስታደርገው የታመመው ያመልጥሃል። ከሁለቱ ስሕተት የቱን እንመርጣለን? ሒሳቡ የእያንዳንዱን ዋጋ ይነግረናል፤ ማን ይክፈል የሚለውን ግን አይወስንልንም። እንደ ሃይማኖት የያዝነው 0.05ም ቢሆን ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ «ይመቻል» ብሎ ያቀረበው ነጥብ ነው፤ ከሰማይ አልወረደም።

በማግስቱ አድቫይዘሬ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። «ስም አትጠይቅም ብለህ ቃል ገብተሃል» አሉኝ። «አሁን በእጅ ጽሑፍ አፈላልገህ ብታገኘው እንኳ ቃልህን አፍርሰሃል።» ልክ ነበሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የፈቃድ ቅጹን ከቀደመ ተማሪ መመረቂያ ላይ ነበር የገለበጥኩት። «በጥናቱ በመሳተፍዎ የሚደርስብዎ ጉዳት የለም» ይላል። አንድ ሰው ዘጠነኛው ላይ 3 ቢያከብ ምን እንደማደርግ የሚል መስመር አልነበረውም። አላሰብኩበትም ነበር። የናሙናውን ብዛት ለማስላት ሳምንት የፈጀሁ ሰው፣ ለዚህ አሥር ደቂቃ አላጠፋሁም።

የቻልኩትን አደረግኩ። መጠይቁን ወዳስሞላሁባቸው ክፍሎች ሁሉ ተመልሼ፣ ማንንም ለይቼ ሳላይ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ተናገርኩ፤ የምክር ክፍሉ የት እንዳለና መቼ እንደሚከፈት በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንዳንዱ ተማሪ ስልኩን ይነካካ ነበር፤ አንዳንዱ ወደ መስኮቱ ያያል። 117 ከነሱ አንዱ ነበር፤ ወይም በዚያ ቀን ክፍል አልመጣም። ሴት ትሁን ወንድ እንኳ አላውቅም፤ ያ ጥያቄ ባዶውን ተትቷል።

ከዚህ ታሪክ «ቁጥር ሰውን ያጠፋል» የሚል ትምህርት ማውጣት ቀላል ነው። እኔ ግን እውነት አይመስለኝም። ያ ሰው በኮሪደር ላይ «እንዴት ነህ?» ብለው ምን ይል ነበር? «ተመስገን» ነዋ! ለእናቱ በስልክ፣ ለዶርም ጓደኞቹ፣ ምናልባት ለንስሐ አባቱም ያንኑ ነው የሚለው። «ተመስገን» ያላለው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን ላልጠየቀው ወረቀት። እውነቱን የተናገረው ላገኘው ስለማልችል ነው። እውነቱን ስለተናገረ ደግሞ ላገኘው ይገባ ነበር። ይህን ቋጠሮ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም።

አሁን የታናናሾቼን መጠይቅ ሳይ የምነግራቸው ነገር አለ። ዘጠነኛውን ጥያቄ ከመጠየቃችሁ በፊት መልሱን ምን እንደምታደርጉት ጻፉ። ሰዎቹ ከክፍሉ ሳይወጡ ወረቀቱን የሚያይ፣ የሠለጠነ ሰው ይኑር። ለአደጋ ጊዜ ብቻ የሚከፈት የታሸገ ስም የምትይዙ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አንዷ ተማሪ «እንደዛ ካልናቸው እኮ እውነቱን አይነግሩንም» አለችኝ። ልክ ናት፤ አንዳንዱ ተመልሶ «ተመስገን» ይላል። ግኝታችን በጥቂት ነጥብ ይበላሻል። እኔ ይበላሽ ባይ ነኝ። ጥያቄ መጠየቅ ዕዳ መግባት ነው፤ መክፈል የማንችለውን ደግሞ ባንበደር ይሻላል።

መመረቂያዬ ጥሩ ውጤት አገኘ። በዲፌንሱ ዕለት ስለ ናሙናው ተጠየቅኩ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ ዳሰሳው ተጠየቅኩ፤ ስለ 117 የጠየቀኝ የለም። ውጤቱ በሚቀርብበት ምዕራፍ አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ ከ10 በታች ያመጡት ተማሪዎች ብዛትና መቶኛ ተጽፎበታል። ከነሱ አንዱ 117 ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ።