የታሰረ ዛፍ ዕዳ

ዛፍን በሳህን ውስጥ ማሳደግ ፍቅር ነው ወይስ ጭካኔ? ቦንሳይ የያዘ ሰው ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። በረንዳዬ ላይ ያለችውን ወይራ ያየ ሁሉ መጀመሪያ “ስታምር!” ይላል። ሽቦውን ሲያይ ደግሞ “ምን አርጋህ ነው ያሰርካት?”

ጥያቄው ልክ ነው። ብዙ ሰው ቦንሳይ ከተፈጥሮው ድንክ የሆነ የዛፍ ዘር ይመስለዋል። አይደለም፣ ተራ ዛፍ ነው። መሬት ላይ ብትተክለው እንደ ወንድሞቹ ይመዘዛል። ድንክ ያደረገው ሰው ነው፦ በየጥቂት ዓመቱ ከሳህኑ ወጥቶ ሥሩ ይከረከማል፤ አዲስ ቀንበጡ በጣት ይቀነጠባል፤ ቅርንጫፉ ሽቦ ተጠምጥሞበት ወደተፈለገው አቅጣጫ ይታጠፋል።

“ዛፍ አያመውም” የሚል ቀላል መልስ አለ። እውነት ነው፣ እንደኛ ነርቭም አንጎልም የለውም። ግን ይሄ ስለ ዛፉ እንጂ ስለኔ ምንም አይልም። እኔን የሚያሳስበኝ እጄ የሚለምደው ነገር ነው፦ ሌላውን ሳይጠይቁ ማጠፍ፣ ከዚያ “አማረ” ማለት። ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም። ጨዋ ልጅ “ተቆንጥጦ ያደገ” ይባላል። ደግሞ “ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ” እንላለን። ሁለቱንም ከአንድ አፍ እየሰማን ነው ያደግነው።

ልጅ ግን አድጎ “ለምን?” ይላል። ዛፍ አይልም። ስለዚህ “ኮትኩቼ ላሳድግህ” ብሎ በሰው ሕይወት ላይ መቀስ ለሚያነሳ ሰው ቦንሳይ ምስክር አይሆነውም።

ቦንሳይ የሚያስተምረኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዕዳ። መሬት ላይ ያለ ወይራ ድርቅ ሲመጣ ሥሩን ሰዶ ውሃ ይፈልጋል። የኔዋ አትችልም፤ መንገዱን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ስለዚህ ውሃ ሳጠጣት ቸርነት አይደለም፣ የምከፍለው ዕዳ ነው። የሌላውን ነፃነት የወሰደ፣ ያ ነፃነት ይሠራው የነበረውን ሥራ አብሮ ወስዷል። እረፍት የለውም። ክፍለ ሀገር ስሄድ እንኳ ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ነው።

ይህ አደራ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ጥድ አለ። ብዙ አበሾች በሚኖሩባት ዋሺንግተን፣ በብሔራዊ የቦንሳይ ሙዚየም ይገኛል። እንክብካቤው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1625 ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ከፍንዳታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በያማኪ ቤተሰብ ግቢ ነበር፤ ተረፈ። በ1976 ማሳሩ ያማኪ ይህንኑ ዛፍ ቦምቡን ለጣለችው አገር በስጦታ ሰጡ። ታሪኩ በሙዚየሙ የታወቀው በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ሊያዩት ሲመጡ ነው። መጀመሪያ ያጠፈው ሰው ዛሬ ያለውን ቅርፅ አላየም። ዛፉን ያቆየው የመጀመሪያው እጅ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ለማጠጣት የተነሳው እጅ ሁሉ ነው።

ሽቦውም የራሱ ሕግ አለው። ቅርንጫፉ ቅርፁን ከያዘ በኋላ መፈታት አለበት። ከዘገየ ቅርፊቱን እየበላ ይገባል፤ ጠባሳው ለዓመታት ይቀራል።

“እኔ ነኝ ሰው ያደረግኩህ” የሚል ወላጅ፣ አስተማሪ፣ አለቃ ሁላችንም አለን። ውለታውን መካድ አልፈልግም። ግን ሁለት ነገር መጠየቅ መብታችን ይመስለኛል፦ ውሃውን ሳያቋርጥ አጠጥቷል? ሽቦውንስ በጊዜው ፈትቷል?