ዱላው አየር ላይ የቀረበት ቀን

ልጄ፣ ሕግ ከሚያረቁት ጋር መቀመጥሽን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ልጅ ሳለሁ ገበያ መሐል ሁለት ጎረምሶች ዱላ ተማዘዙ። አንዲት ባልቴት «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። የአንደኛው ዱላ ከራሱ በላይ እንደተነሣ ቀረ፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ዛሬም ይታየኛል። ያቆመው ቀድሞ የሚያውቀው ቃል ነው።

ሕግ ያላቆመው ዱላም አለ፤ ፋሽስት ጣሊያን በአዲስ አበባ የፈጸመውን የየካቲት 12 ቀን 1929ኙን እልቂት ታውቂያለሽ። ከጦርነቱ በኋላ አገራችን የጣሊያን ጦር አዛዦቹን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የተጠርጣሪዎችን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች። ለእኛ ደም አንድም ሰው ችሎት አልቆመም። ግራዚያኒ በአገሩ ለጀርመን በማደሩ 19 ዓመት ቢፈረድበትም በወራት ውስጥ ወጣ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ የእኛ ግን ጭብጦ አልነበረም፣ ሰው ነበር።

በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዘር ማጥፋትን በአንቀጽ 281፣ የጦር ወንጀልን በ282 አሰፈረ። የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትም ዘር ማጥፋት ተባለ። ያኔ ቀይ ሽብርን ማን አሰበው? የደርግ ባለሥልጣናት ሲከሰሱ ግን ዐቃቤ ሕጉ የሚጠቅሰው አንቀጽ ቀድሞ ተጽፎ ጠበቀው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።

አሁን ወደ ሥራሽ ልምጣ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የጦር ወንጀልን ከ270 ጀምሮ ይዘረዝራል። በስብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በይርጋ አይታገድም ቢልም፣ የወንጀል ሕጉ ራሱን የቻለ አንቀጽና ቅጣት አልሰጠውም። «ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን አጽድቀናል፣ የአገር ሕግ ሆነዋል» የሚሉሽ ይኖራሉ። እሺ ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ዳኛው ስንት ዓመት ይፍረድ? የጄኔቫ ስምምነቶችም ቢሆኑ ቅጣቱን ፈራሚው አገር በራሱ ሕግ እንዲደነግግ ነው የሚያዙት። ዳኛ ወንጀልን በማመሳሰል አይፈጥርም፣ የቅጣት ሕግም ወደ ኋላ አይሄድም። ከእልቂት በኋላ የሚጻፍ ሕግ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ችሎት ያጣ ሰው በእጁ ሊፈርድ ይነሣል።

ያዘዘውንና የፈጸመውን ብቻ አትያዙ። ወታደሮቹ የሚሠሩትን እያወቀ ዝም ላለው አዛዥም ለብቻው አንቀጽ ጻፉለት። ቋንቋውም ምሽግ ውስጥ ያለ ልጅ የሚገባው ይሁን።

ረቂቁ ሲያልቅ ይዘሽው ነይ። ዐይኔ ደክሟልና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ታነቢልኛለሽ።