ለጊዜው ስለ ታሰረ ነገር

ሰው ከቤቱ ርቆ ሳለ ዕቃው ቢሰበርበት፥ በከተማ ሳለ የሚንቀውን መፍትሔ በደስታ ይቀበላል። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚሁ የተነገረ ይመስለናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ግን በችግር ጊዜ የሚደረገው ብልሃት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አይደለም፤ ተገቢ ለመሆኑ ሩቅ መንገድ የሄደ ሁሉ ምስክር ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ይኸውም ለጊዜው ተብሎ የታሰረ ነገር፥ ያሰረው ሰው ትቶት ከሄደ በኋላ ምን ይባላል? ጥገና ነው ወይስ ወጥመድ?

ጥያቄውን ያገኘነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመኪና ሥር ነው። በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. ለመንግሥት ሥራ በምሥራቅ ጎጃም ስንዘዋወር፥ ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ጠጠር መንገድ ላይ የመኪናችን የኋላ ግራ ባሌስትራ ተሰበረ።

መኪና ነድቶ ለማያውቅ አንባቢ እንዲገባው፥ ባሌስትራ ማለት እንደ ቀስት የጎበጡ፥ ርዝመታቸውም እየቀነሰ የሚሄድ የብረት ሰሌዳዎች ተደራርበው የመኪናውን ሸክም የሚሸከሙበት ነው። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ በዚያው ቋንቋ ለውጊያ የሚያገለግለውን ትልቁን ቀስትም ይጠሩበታል። ወራሪዎቹ በ1928 ዓ.ም. ገብተው በ1933 ዓ.ም. ተባረሩ፤ ፍሬን፥ ክሪክ፥ ዳዶ የሚሉት ቃላት ግን እስከ ዛሬ በየጋራዡ ይኖራሉ። ብረቱ ራሱ ከመኪና ይቀድማል። ኦባድያ ኤልየት የተባለ እንግሊዛዊ በ1804 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለፈረስ ሠረገላ የሚሆን ዓይነቱን ሠርቶ የባለመብትነት ማረጋገጫ አግኝቶበታል። ለነገራችን የሚያስፈልገው ግን ይህ ነው፤ ከሰሌዳዎቹ ረጅሙና የላይኛው፥ ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ቀለበት የተጠቀለሉት፥ ሸክም ከመሸከሙም በላይ ጎማዎቹ የሚዞሩበትን ዘንግ በቦታው የሚያቆመው እርሱ ነው። ከታችኞቹ አንዱ ቢሰበር መኪናው እያነከሰም ቢሆን ይሄዳል፤ ዋናው ሲሰበር ግን ዘንጉ መያዣ ያጣል። የእኛ የተሰበረው ዋናው ነበር። ዘንጉ ወደ ኋላ ሸርተት አለና ጎማው ከመኪናው አካል ጋር ይፋተግ ጀመር። በአካባቢው ጋራዥ የለም፤ ስልክም አይሠራም።

ሹፌራችን በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ ሰው ነበሩ። ከሥር ገብተው ብዙ ቆዩና ሲወጡ «ወጌሻ ያስፈልገዋል» አሉ። የቀለዱ መስሎን ሳቅን፤ እርሳቸው ግን አሳባቸውን መናገራቸው ነበር።

ከመንገዱ በታች አንድ ሽማግሌ ገበሬ በሬዎቻቸውን ጠምደው ያርሱ ነበር። ጩኸታችንን ሰምተው መጡ፤ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከሹፌራችን ጋር ጥቂት ቃል ተለዋወጡና ተመለሱ። ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረውን ምራን ፈቱ፤ ከቤታቸውም ሌላ አንድ ምራን፥ መጥረቢያና የደረቀ የወይራ ጉማጅ ይዘው መጡ። ከእኛ በኩል የቀረበው ክሪኩና ጎማ የምንፈታበት ብረት ብቻ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም።

ሁለቱ ሰዎች ሲሠሩ ማየት ትምህርት ቤት እንደ መግባት ነበር። አስቀድመው ጤነኞቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደገፉ፤ ክሪኩ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኑረው የመኪናውን አካል አነሡ፤ ዘንጉንም እየገፉ ወደ ስፍራው መለሱት። ቀጥሎ የጎማ መፍቻውን ብረት በስብራቱ ላይ አጋድመው፥ ወጌሻ የተሰበረ እግር በቀርከሃ እንደሚያስር፥ በውሃ የራሰውን ምራን እየጠመጠሙ አጠበቁት። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራልና ከገመድ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ገበሬው ወይራውን በመጥረቢያ ጠርበው በዘንጉና በሻንሲው መካከል ገጠሙት፤ እንዳይሸራተትም ከላይና ከታች የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ተደረገበት። በሁለተኛው ምራን ደግሞ ዘንጉ ዳግመኛ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ከባሌስትራው የፊት መያዣ ጋር ተሳሰረ። ሹፌራችን የፍሬኑ ቧንቧ አለመቆንጠጡን በጣታቸው ዳስሰው እስኪያረጋግጡ ድረስ ክሪኩን አላወረዱም።

ስንለያይ ገበሬው ሁለት ነገር ነገሩን። «ውሃ ካገኘው ይላላል፤ ዝናብ ከመጣ ቁሙ» አሉ። ደግሞም «ምራኑን መልሱልኝ፤ የእርሻ ወራት ነው» አሉ። እኛም «በሳምንት ውስጥ እንመልሳለን አባቴ» ብለን ቃል ገባን።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጉዞ ጉዞ ማለት ያስቸግራል። ዕቃው ሁሉ ወደ ፊትና ወደ ቀኝ ተዛወረ፤ ቁልቁለትና ጉድጓድ ሲያጋጥም እኛ ወርደን በእግር እንሄዳለን፤ ሹፌራችንም በየጥቂቱ እየቆሙ ከሥር እየገቡ ምራኑን በእጃቸው ይዳብሳሉ። ወይራው የባሌስትራውን መለጠጥ ስለ ከለከለ መኪናው እንደ ጋሪ ያንገጫግጭ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሳለን አንዲት ሴት የታመመ ሕፃን አዝላ፥ እስከ ጤና ጣቢያው እንድናደርሳት እጇን ዘርግታ ለመነችን። ከእኛ መካከል አንዱ «ትግባ እንጂ፥ ምን ይጠየቃል» አለ። ሹፌራችን ግን ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና «እኅቴ፥ ይህ መኪና በምራን ታስሮ የሚሄድ ነው። ባይሆንልን ወርደን በእግር ነው። አውቀሽ ግቢ» አሏት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየችና «ማነው ያሰረው?» ብላ ጠየቀች። ከገደሉ ማዶ የሚያርሱት ሽማግሌ መሆናቸውን ሲነግሯት፥ «እሳቸው ካሰሩትስ» ብላ ገባች።

ያን ጊዜ ይህን መልስ የየዋህነት አድርገን ነበር የቆጠርነው። ኋላ ስናስበው ግን ከእኛ ሁሉ የተሻለ ምርመራ ያደረገች እርሷ ሆና አገኘናት። ስለ ብረት አታውቅም፤ ስለ ሰውዬው ግን ታውቃለች። የታሰረውንም በዓይኗ አይታለች። የሕፃኑን ሕመምና የመንገዱን ርዝመት ከዚህ ጋር አመዛዝና በራሷ ፈቃድ ተሳፈረች። ከመሸ በኋላ ጤና ጣቢያው በር ላይ አወረድናት።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ታሪክ ሁሉ ለሰሚ ደስ ያሰኛል፤ እኛም ከተማ ገብተን ለባልደረቦቻችን ስንነግረው ብዙ ተመሰገንን። የሚያሳፍረው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

መኪና ሲበላሽ የሚሞላ ወረቀት አለ። የጉዞው ኃላፊ እኛ ስለ ነበርን መሙላቱም መፈረሙም የእኛ ድርሻ ነበር። ከወረቀቱ ላይ ግን «ብልሽቱ የደረሰበት ቦታ» የሚል መሥመር ነበረበት፤ ያ ቦታ ደግሞ በጉዞ ትእዛዛችን ላይ አልነበረም። ለምን እዚያ ተገኛችሁ ብንባል የምንመልሰው፥ ማርና ቅቤ ርካሽ ነው ሲባል ሰምተን ወደ አንድ የገጠር ገበያ ታጥፈን ነበር የሚል ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ነገ እንሞላዋለን ብለን ከመሳቢያ አኖርነው። ሐሰት አልጻፍንም፤ ምንም አልጻፍንም። ሹፌራችን ለስምሪት ክፍሉ በቃል ነግረው «ወረቀቱን ያምጡ» ተባሉ፤ ለእኛም ሁለት ጊዜ አሳስበውን የዓመት ፈቃዳቸውን ወጡ። መኪናው በግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲንቀሳቀስ ደኅና ይመስል ነበር። ምራኑም አቧራና ጭቃ ጠጥቶ ከብረቱ ጋር አንድ መልክ ይዞ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሌላ ወጣት ሹፌር ሦስት ሰዎች ይዞ በዚያው መኪና ወደ መስክ ወጣ። የዘንድሮው ዝናብ ቀደም ብሎ ገብቷል እየተባለ የሚወራበት ሰሞን ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘነበ፤ ምራኑ ራሰ፤ ላላ። ወጣቱ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብልና መሪው ሲከብደው ተሰማውና ቆሞ ከሥር ቢያይ ወይራውን አየ። ቁልቁለቱን ገና አልጀመረም ነበርና ማንም አልተጎዳም። መኪናውን እዚያው አቁሞ ተመለሰ፤ በቀጥታም ወደ ቢሯችን መጥቶ «ታውቁ ነበር?» አለን። «ለጊዜው ተብሎ የታሰረ ነበር» አልነው። «እኛንስ ማን ነገረን?» አለና ወጣ።

ከባልደረቦቻችን መካከል ጉዳዩን በሁለት ወገን ሆነው የተከራከሩበት ነበሩ። አንዳንዶቹ «ሹፌር መኪና ሲረከብ ከሥር ማየት ነበረበት» አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የእርሱ ጉድለት የእኛን አይሰርዝም፤ እያንዳንዱ በየራሱ መዝገብ የሚጻፍ ነው። ሌሎቹ ደግሞ «ማንም ካልተጎዳ ምን በደል አለ?» አሉ። ይህኛው ክርክር ይበልጥ አስቸግሮናል፤ ምክንያቱም ልባችን እንዲቀበለው በብርቱ ይመኝ ነበር። ዳሩ ግን ዝናቡ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ፥ መኪናው ቁልቁለቱ መካከል ሳለ ቢዘንብ ኖሮ፥ እኛ ያደረግነው ነገር አንዲት ነጥብ እንኳ አይለወጥም ነበር፤ ወረቀቱ ያው ከመሳቢያው ውስጥ ነው። እንግዲህ በደለኛ መሆናችንንና አለመሆናችንን የሚወስነው ደመና ከሆነ፥ ስለ ሥነ ምግባር መነጋገራችንን ትተን የአየር ጠባይ ዘገባ ብናነብ ይሻላል።

በእኛ አስተያየት ሴትዮዋና ወጣቱ ሹፌር የተሳፈሩት በአንድ መኪና፥ በአንድ ምራንና በአንድ ወይራ ነው። ያለያያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእርሷ ተነግሯታል፤ ለእርሱ አልተነገረውም። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ደግሞ፥ ለወጣቱ የሰጠነው ያንኑ ጥገና እንኳ አልነበረም። በገጠሩ መንገድ ላይ መኪናውን ይዞት የነበረው ቆዳው ብቻ አይደለም፤ በየጥቂቱ እየወረደ የሚዳብሰው የሹፌራችን እጅ፥ ዝናብ ከመጣ ቁሙ የተባለው ቃል፥ ፍጥነቱን የገታው ፍርሃት ሁሉ የጥገናው ክፍሎች ነበሩ። አዲስ ባሌስትራ ብቻውን ይቆማል፤ ነጂው ባያውቀውም ይሸከመዋል። የለጊዜው ማሰሪያ ግን የሚያውቀው ሰው በአጠገቡ ሲኖር ብቻ ነው ጥገና የሚሆነው። እኛ ቁልፉን አስተላልፈን እውቀቱን ስናስቀር፥ ግማሹን ጥገና ከመሳቢያችን ቆልፈንበት ነበር።

ይህ በመኪና ብቻ የሚደርስ አይደለም። በተጠባባቂነት ተሹሞ ዓመታት የሚቆይ ሰው፥ ለአንድ ክረምት ተብሎ በቆርቆሮ የተሠራ የመማሪያ ክፍል፥ «ቋሚው መመሪያ እስኪወጣ ድረስ» ተብሎ የወጣ ደብዳቤ፥ እግሩ በታጠፈ ወረቀት የተደገፈ ጠረጴዛ፥ እነዚህን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ አለ ብለን አናምንም። ሲሠሩ ሁሉም ተገቢ ነበሩ፤ የሠራቸውም ሰው ወሰናቸውን ያውቅ ነበር። እርሱ ሲዛወር ግን ለተተኪው የሚያስረክበው ዕቃውንና መዝገቡን ነው እንጂ «ይህ በምራን የታሰረ ነው» የሚለውን ቃል አይደለም። አዲሱም ሰው አቧራ የጠጣውን ማሰሪያ ብረት ነው ብሎ ይጭንበታል።

አፍላጦን ስለ መንግሥት ሥርዓት በጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ኬፋሎስ የሚባል ባለጸጋ ሽማግሌ አለ። ከእርሱ ንግግር የሚወጣው የጽድቅ ትርጉም፥ እውነት መናገርና የተበደሩትን መመለስ ነው የሚል ነው። ሶቅራጥስም፥ ወዳጅህ ጤነኛ ሳለ መሣሪያውን ቢያውስህና አብዶ ሳለ መልስልኝ ቢልህ ትመልስለታለህን ብሎ ይረታዋል። በወጣትነታችን ይህን ስናነብ ሽማግሌውን ንቀነው ነበር። አሁን ግን እንዲህ እንላለን፤ በዕድሜያችን ያበደ ወዳጅ መሣሪያውን መልሱልኝ ብሎን አያውቅም፤ ምራኑን የሚጠብቅ ገበሬ ግን ነበረ። ብርቱውን ጥያቄ ስናሰላስል ቀላሉን ዕዳ ሳንከፍል ቀረን። ኬፋሎስ የጠቀሳቸውን ሁለቱንም፥ እውነቱንም ብድሩንም፥ በአንድ መሳቢያ ውስጥ አኑረናቸው ነበር።

ወረቀቱን ሞላነው፤ ስለ ማሩና ስለ ቅቤውም ጻፍን፤ የተገባንን ተግሣጽ ተቀበልን። ባሌስትራው ተቀየረ። ምራኑን በውሃ ዘፍዝፈን ፈታነውና በሐምሌ መጀመሪያ፥ ቃል ከገባንበት ጊዜ ከአንድ ወር በላይ አሳልፈን፥ በገዛ ገንዘባችን በሕዝብ ማመላለሻ ሄደን ለባለቤቱ ወሰድንለት።

ገበሬው ያርሱ ነበር። ቀንበሩ ላይ ያለው ምራን አዲስ ሆኖ ስላየነው ከየት እንዳገኙት ጠየቅናቸው። ጎረቤትን በየቀኑ ማስቸገር ቢከብዳቸው፥ የአልጋቸውን ጠፍር ፈትተው እንደ ገመዱትና እስከዚያ ቀን ድረስ በመደብ ላይ እንደሚተኙ እየሳቁ ነገሩን። ያመጣነውን ተቀብለው በጣታቸው እየሳቡ ከዳር እስከ ዳር መረመሩት፤ አንድ ቦታ ላይ መላላጡንም አሳዩን። ከዚያም «ወይራውስ?» አሉ፤ «ደኅና እንጨት ነበር።»

ወይራው በጋራዡ ውስጥ በሩ እንዳይዘጋ ከሥሩ ተሸጉጦ እንዳየነው ትዝ አለን።