ንስሐና አውጫጭኝ

አንዲት ሴት ስለ ገላዋ የተናገረችው ነገር መቼ ነው ለፈውስ የሚውለው? መቼስ ነው ማስረጃ ሆኖ የሚመለስባት? ከፍኖተ ሰላም ማረሚያ ቤት በአመክሮ ወጥታ ወደ ገጠር ቀበሌዋ ለምትመለስ ሴት ይህ የየዕለት ጥያቄ ነው።

አመክሮ ሙሉ ነጻነት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሠረት ከተፈረደበት ቅጣት ከሦስት እጅ ሁለቱን የፈጸመ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነም 20 ዓመት የታሰረ፣ ጠባዩም መታረሙን ያሳየ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ቀሪውን ጊዜ ግን በተቀመጠለት ሁኔታ ሥር ሆኖ ያሳልፈዋል። ቅጣቷ በገደብ የተያዘላትም ሴት እንደዚሁ ናት። የት እንደምትኖርና ከማን ጋር እንደምትውል ሊወሰንባት ይችላል፤ ሁኔታውን ካፈረሰች ተመልሳ ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ፣ ሐኪም ቢሆን እንኳ፣ አፏን ከመክፈቷ በፊት የምትናገረው ወዴት እንደሚሄድ ታሰላለች።

ይህች ሴት ሐኪም አጥብቃ የምትሻ ሴት ናት። በተጣበበ ክፍል ብዙ ሰው ሲያድር የሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ ይዛመታል፤ ሳል ይዞ ከእስር መውጣት እንግዳ ነገር አይደለም። እንቅልፍ ያጣች፣ በር ሲንኳኳ የምትደነግጥ አለች። ሕፃን ታቅፋ ገብታ እዚያው ዳዴ ያስባለች አለች። የኤችአይቪ መድኃኒቷን ከማረሚያ ቤቱ ስትወስድ ቆይታ አሁን ከየት እንደምትወስድ ግራ የገባት አለች። ቀዬዋ ስትደርስ ባል ሌላ አግብቶ፣ መሬቱ ተከፋፍሎ፣ በነፍስ ግድያ ታስራ ከነበረም የሟች ወገን እሷ በምትሄድበት ገበያ ሲገበያይ ልታገኘው ትችላለች። ምስጢር የምታካፍለው ሰው ከጣት ቁጥር አያልፍም።

ጤና ኬላው አለላት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለ5,000 ያህል ሕዝብ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ባለሙያዎች እንዲኖሩ ታስቦ ነበር። ባለሙያዋ የሦስት ወር መርፌ ትወጋለች፤ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ታስገባለች፤ ነፍሰ ጡር ትመዘግባለች፤ ሳል የከረመበትን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። የየቤቱ ታሪክ በቤተሰብ ማህደር ተጽፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በብዙ ቀበሌዎች ታብሌት ገብቶ መዝገቡ ወደ ኤሌክትሮኒክ የማህበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት እየዞረ ነው። ወረቀቱ ከቁም ሳጥኑ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ታብሌት ላይ የገባው ግን ኔትወርክ ሲያገኝ ይጓዛል።

ከዚህ እስከ እጅ ስልክ አንድ እርምጃ ነው። በአሜሪካ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር ላሉ ሴቶች ጤናቸውን የሚከታተሉበት የስልክ መተግበሪያ ማዘጋጀት የተመራማሪዎች ሥራ ሆኗል። እዚያው አገር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ስማርትሊንክ በሚባል መተግበሪያ ሰዎችን በፊታቸው ፎቶግራፍና ባሉበት ቦታ ይቆጣጠራል። ሁለቱም በአንድ ኪስ ውስጥ ሊያድሩ ይችላሉ። እኛ ጋም የመጀመሪያው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ ቢመጣ ጥቅሙን አልክድም። ከጃቢ ጠህናን ወይም ከቡሬ ዙሪያ ቀበሌ ተነስቶ ሆስፒታል መድረስ ቀኑን ሊፈጅ ይችላል፣ የትራንስፖርትም ብር ይጠይቃል። የቀጠሮ ቀን የሚያስታውስ፣ ደም መፍሰስ ሲበዛ ምን እንደሚደረግ በአማርኛ የሚነግር ስልክ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ይህን ማናናቅ ከተማ ተቀምጦ የሚያምር ቅንጦት ነው።

ግን ስልኩን ጠጋ ብለን እንየው። እንበልና ስልኩ የወንድሟ ነው፤ ኔትወርክ የሚይዘው ከጓሮ በኩል ስለሆነ አጥር ላይ በፌስታል ተንጠልጥሏል። መልእክት ገባ። እሷ አታነብም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ማንበብ የሚችሉት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 42 በመቶው ነበሩ። ስለዚህ ስድስተኛ ክፍል የሚማረው የወንድሟ ልጅ፣ ቡና ለመጠጣት የተሰበሰበው ጎረቤት በተቀመጠበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላታል፦ «የዛሬውን መድኃኒትዎን መውሰድዎን አይርሱ።» የምን መድኃኒት እንደሆነ መልእክቱ አልተናገረም። ቤቱ ግን ዝም ብሏል፤ ሁሉም እየገመተ ነው። መልእክቱን የጻፈው ሰው ክፋት አላሰበም። አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ አንባቢ ብሎ ነው ያሰበው፤ እዚህ ቤት ሦስቱም የሉም።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። የጎጃም ሰው ምስጢርን የመናገር ሁለት ልማድ አውርሶናል። አንደኛው ንስሐ ነው። እያንዳንዱ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት በልማዱ የነፍስ አባት አለው፤ የነፍስ አባት የሰማውን አያወጣም፣ ቀኖና ይሰጣል እንጂ ለዳኛ አይመሰክርም። ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው። ወንጀለኛው ያልታወቀ በደል ሲደርስ ያገሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰብ ነበር፤ ያወቀ ያወጣል፣ ያላወቀም እስኪወጣ ይቆያል። አውጫጭኝ ክፉ ብቻ ነበር አልልም፤ ፖሊስ በሌለበት ዘመን አገር የሚጠበቅበት መንገድ ነበር። በሁለቱም ዘንድ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ሊሆን ይችላል፦ የት ነበርሽ? ከማን ጋር ነበርሽ? ምን አደረግሽ? ልዩነቱ ያለው ጥያቄው ከሚቀርብበት ጆሮ ኋላ ነው። በንስሐ ከጆሮው ኋላ ማንም የለም። በአውጫጭኝ ጉባኤው ሁሉ አለ።

መተግበሪያ ግን ከኋላው ማን እንዳለ በፊቱ አይታይም። የነፍስ አባትን ታያለህ፣ ጉባኤውንም ታያለህ። ማያ ገጹ ላይ ያለው ጥያቄ ከጤና ጥበቃ ይምጣ ከማረሚያ ቤት፣ መልኩ አንድ ነው። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ጠጥተሻል ወይ? በአመክሮዋ ላይ መጠጥ የተከለከለች ሴት ለሁለተኛው ጥያቄ እውነቱን ብትመልስ ለጉበቷ ምክር ታገኝ ይሆናል፤ አመክሮዋንም ልታጣበት ትችል ይሆናል። እንዲህ ያለች ሴት ትዋሻለች። የዋሸችበት መሣሪያ ደግሞ አያክማትም፤ ውሸቷን ተቀብሎ የተሳሳተ ምክር ይመልስላታል። ቁጥጥር የነካው ሕክምና ሰብአዊ ክብሯን ከመጉዳቱም በላይ ሕክምናነቱ ራሱ ይበላሻል።

«ፈቃደኛ ካልሆነች ትተወው» የሚል መልስ ሊመጣ ነው። አዋጅ ቁጥር 1321/2016፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጃችን፣ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን መድቦታል፤ ፈቃድ ትልቅ ቦታ አለው። ግን ፈቃድ ምንድን ነው? ነጻነቷ በአንድ ባለሥልጣን እጅ ያለች ሴት «ከፈለግሽ ብቻ ነው» ሲባል የምትሰማው ሌላ ነው። የፈቃድ መፈተኛው «እሺ» ያለችበት ወረቀት አይደለም፤ «እምቢ» ብትል ምን ይከተላል የሚለው ነው። እምቢታዋ አንድ ቦታ ከተመዘገበ፣ «ይህችኛዋ አልጫነችውም» ተብሎ ከታወቀ፣ ዝም ማለቷም መልስ ሆኗል ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቁት የባንኮክ ደንቦች በስምንተኛው ደንባቸው ሴት እስረኛ የሥነ ተዋልዶ ታሪኳን ያለመናገር መብት እንዳላት ደንግገዋል። የመናገር ብቻ ሳይሆን ያለመናገር መብት! እስረኛዋ ያላት ይህ መብት ደጅ ስትወጣ ሊያንስ አይገባም።

በሥነ ተዋልዶ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የሚመረው እዚህ ነውና። የወንጀል ሕጋችን ጽንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ይቀጣል፤ በአንቀጽ 551 የተፈቀዱ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ከዚያም በአንቀጽ 552 አንድ የሚደንቅ ነገር ይላል። እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ ግንኙነት ከሆነ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አትጠየቅም። ሕግ እዚህ ላይ ሴትን ማመን መርጧል። የወር አበባዋን ቀን በቀን የሚመዘግብ ስልክ ይህን እምነት ያናጋዋል፤ ቃሏን የሚያስተያዩበት ሁለተኛ ምስክር ተፈጥሯልና። በሰኔ 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጽንስ ማቋረጥ መብትን ሲሽር ብዙ ሴቶች የወር አበባ መቁጠሪያውን ከስልካቸው አጠፉ። በዚያው ዓመት በነብራስካ ግዛት እናትና ልጅ በተከሰሱበት የጽንስ ማቋረጥ ጉዳይ የፌስቡክ መልእክታቸው ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። በጽንስ ማቋረጥ ተፈርዶባት በአመክሮ ለወጣች የሜጫ ገበሬ ሴት እንዲህ ያለ መቁጠሪያ በስጦታ መልክ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ቦታን መጠየቅም እንዲሁ። መራዊ ውስጥ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል። ይህን ባየ ከተማ «ያሉበትን ቦታ እንድናውቅ ይፍቀዱ» የሚል መጠይቅ እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ጤናዋን በኢንተርኔት ላይ ያሰረች ሴት በዚያ ሰሞን ምን ትሆን ነበር?

የተሻለ መንገድ የሚመስለኝ ገበሬው የሚያውቀው ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የግብርና መስመር ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ማንበብም አይፈልግም፤ በተራ ስልክ ተደውሎ ቁጥር ተጭኖ ስለ ጤፍና ስለ በቆሎ ምክር ይደመጣል። ለሴቶች ጤና እንዲህ ያለ መስመር ቢኖር፣ ደዋይዋ ስሟን ሳትናገር፣ በአመክሮ መሆኗ ሳይታወቅ፣ በማንም ሰው ስልክ ሰምታ ብትዘጋው ብዙው ፍርሃት ይወገዳል። ለታራሚ ሴት ተብሎ ለብቻዋ የተሠራ መሣሪያ ገና ሲከፈት ማንነቷን ያጋልጣል። ለሁሉም ሴት የተሠራው ግን ይደብቃታል።

ግን ይህ አይበቃም፤ እዚህ ላይ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በአብዛኛው ስድስት ወር ነው፤ ማን እንደሆነች ሳይታወቅ አይካሄድም። መድኃኒቱን በባለሙያ ፊት መዋጥ ራሱ የሕክምናው አካል ነው፤ መታየት ያድናል። ስለዚህ ክፋቱ ከመታየት አይደለም። እኔ የምጠይቀው ስትቀር ማን ይመጣል የሚለውን ነው። ኪኒኗን ሳትወስድ ብትቀር የጤና ኤክስቴንሽኗ መድኃኒቱን ይዛ፣ ምን ነካሽ እያለች፣ ዳገቱን ወጥታ ትመጣለች። ፖሊስ ጣቢያ ሳትፈርም ብትቀር የሚመጣው ሌላ ነው። ሴቲቱ ቡሬ ድረስ ለእህቷ ለቅሶ ሄዳ ሁለት ሳምንት ብትቆይ በስልኩ ላይ 14 ባዶ ቀን ይታያል። ጤና ጣቢያው ከዚያ የሚያነበው የተቋረጠ ሕክምና ነው፤ የአመክሮ ተቆጣጣሪዋ የሚያነበው ከመኖሪያዋ መራቋን ነው። ለዚህ ነው አንድ ስልክ ከመታደሉ፣ አንዲት ሴትም ከመመዝገቧ በፊት፣ የክልሉ ጤና ቢሮና የማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን እነዚያ ባዶ ቀናት ከጤና ጣቢያው ወጥተው ወደ ፖሊስም ሆነ ወደ አመክሮ መዝገብ እንዳይሻገሩ በጽሑፍ ሊፈራረሙ የሚገባው። ጽሑፉም ማረሚያ ቤቱ በር ላይ፣ ሴቲቱ ከመውጣቷ በፊት፣ በቃል ሊነበብላት ይገባል።