መብረቅን መከላከል ከፈጣሪ ጋር መጣላት ነውን?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 18 ቀን 1755 ዓ.ም. ቦስተን በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ብርቱ የምድር መናወጥ ሆነ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የመብረቅ መከላከያ ዘንግን ለሕዝብ ካስታወቀ ገና ጥቂት ዓመት ነበረ፤ በከተማዪቱም በብዙ ጣራ ላይ ሾጣጣ ብረት ተተክሎ ነበር። ስለዚህ ቶማስ ፕሪንስ የተባለው ሰባኪ፥ ይህ ብረት የኤሌክትሪክን ኃይል ከአየር እየሳበ በምድር ውስጥ ስለሚያከማች መናወጡን አምጥቶ ይሆናል ብሎ ጻፈ፤ ከእግዚአብሔርም እጅ ማምለጫ እንደሌለ አሳሰበ። የሀርቫርድ መምህር ጆን ዊንትሮፕ ግን አሳቡን ተቃውሞ መለሰለት። ከክርክራቸው በታች ያለው ጥያቄ፥ ሰው ከሰማይ የሚመጣበትን አደጋ ሊከላከል ይገባዋልን? የሚል ነው።

ፍርድ ከመስጠት በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። በነጐድጓድ ደመና ውስጥ የበረዶ ቅንጣትና የበረዶ ጠጠር በነፋስ ኃይል እየተነሡ ሲጋጩ ኤሌክትሪክ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ዓይነት በደመናው ራስ፥ ተቃራኒው በእግሩ ይከማቻል። አየር ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም፤ ነገር ግን ኃይሉ ሲበረታበት ይሸነፋል። በዚያን ጊዜ ጅረቱ በየ50 ሜትር ያህል እየተራመደ ይወርዳል፤ በምድርም ላይ ከፍ ካለው ነገር ጫፍ ሌላ ብልጭታ ሊቀበለው ይወጣል። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ በመንገዳቸው ያለው አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይግላል፤ ይህም ከፀሐይ ገጽ ግለት አምስት እጥፍ ነው። አየሩ በድንገት ሲለጠጥ የሚያሰማው ድምፅ ነጐድጓድ ይባላል። ዘንጉም መብረቁን አይከለክልም፤ ቤቱን ሳያፈርስ ወደ መሬት የሚወርድበትን መንገድ ይሰጠዋል እንጂ።

እንግዲህ መንገድ መስጠት ማመፅ ነውን? ዝናብም ከሰማይ ይወርዳል፤ ቤቱን በመክደኑ ግን ማንም አመፀኛ ተብሎ አልተነቀፈም። በኦሪት ዘዳግም ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። መውደቅ የፍጥረት ሕግ ነው፤ መከታ መሥራት ግን የባለቤቱ ዕዳ ሆነ። የመብረቅ ዘንግም እንደዚሁ ያለ መከታ ነው።

ይህን ዕዳ ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል የኢጣልያ ከተማ ብሬሺያ አይታለች። በ1769 ዓ.ም. ብዙ ባሩድ የተከማቸበትን ግንብ መብረቅ መታው፤ ባሩዱም ፈንድቶ የከተማዪቱን ትልቅ ክፍል አፈረሰ፥ እጅግ ብዙ ሕዝብም ፈጀ። የዘንጉ ጥበብ ከታወቀ በዚያን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ነበር። መብረቁን ሰው አላመጣውም፤ ባሩዱን ግን በሕዝብ መካከል ያከማቸው ሰው ነው።

በአገራችንም በክረምት መብረቅ እረኛውን ከዛፍ ሥር፥ ገበሬውን ከእርሻው ላይ ይመታል። በዚያን ጊዜ የሟቹን ኃጢአት መመርመር ፍርድን ከፈራጁ እጅ መንጠቅ ነው። ይልቅስ የሚያውቅ ሰው፥ ነጐድጓድ ሲሰማ ከዛፍ ሥር መጠለል እንደማይገባ ያስተምር፤ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ቤት የሚሠራም በጣራው ላይ ዘንግ ያቁም። እያወቀ ዝም ያለ ግን፥ በሚመጣው ክረምት ስለሚሞተው ሰው መልስ ይጠየቃል።