ተገልብጦ እውነት የሚናገር ገንዳ

አንዲት ተመራማሪ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ትሞላለች። ጨውና ቀለም ያለበትን ውሃ ደግሞ ከላይ በቀጭን ቱቦ ትለቅበታለች። ጨዋማው ስለሚከብድ እየተጥመለመለ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? ቪዲዮውን ትገለብጠዋለች። አሁን የሚታየው ከውቅያኖስ ወለል ወደ ላይ የሚተም ፍል ውሃ ነው።

ሙቀት የለም፣ አቅጣጫው ግልብጥ ነው፣ ውቅያኖሱም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ታዲያ ይሄ እውቀት ነው ወይስ ጨዋታ?

በ1977 አልቪን የተባለችው ሰርጓጅ ጀልባ ጋላፓጎስ አጠገብ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ፍል ውሃ የሚፈልቅባቸውን ስንጥቆች ከነነዋሪ እንስሳታቸው አገኘች። ከሁለት ዓመት በኋላ በምሥራቅ ፓስፊክ ከ350 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚግል፣ ጥቁር ጭስ የሚመስል ውሃ ተገኘ። ይህ “ጭስ” ግን የባሕሩ ገጽ ላይ አይደርስም። ጥቂት መቶ ሜትር ይወጣና ወደ ጎን ይዘረጋል።

ለምን? መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1956 ሞርተን፣ ቴይለርና ተርነር አንድ ቀላል ግምት ይዘው ተነሡ፦ የሚወጣ ፈሳሽ በዙሪያው ያለውን ወደ ራሱ ይስባል፤ የሚስብበት ፍጥነትም ከሚወጣበት ፍጥነት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ሂሳቡን በገንዳ ፈተኑት። ፍል ውሃው ከታች ያለውን ከባድ ውሃ እየሳበ ይቀላቀላል፤ ክብደቱ ከአካባቢው ጋር ሲተካከል ይቆማል።

ስለዚህ ገንዳው ውቅያኖስን የሚመስለው በመልክ ሳይሆን በዝምድና ነው። የማይመስል ነገር እውነት ሊነግረን ይችላል ማለት ነው። ለእኔ ይሄ ራሱ ይገርመኛል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በፍል ውሃዎቹ ዙሪያ መዳብና ወርቅ ይከማቻል፤ ሰው ደግሞ ሊቆፍረው ይፈልጋል። ቁፋሮው የሚያስነሳው ደለል ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ሞዴል ሊገምት ይችላል። በሕንድ ውቅያኖስ ፍል ውሃዎች ብቻ የምትኖር፣ እግሯ የብረት ቅርፊት የለበሰ ቀንድ አውጣ አለች። በ2019 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት መዝግቧታል፤ ምክንያቱም ይኸው የቁፋሮ ስጋት ነው። ገንዳው ውስጥ እሷ የለችም።

አለመኖሯ የገንዳው ጥፋት አይደለም። ሞዴል ሞዴል የሚሆነው ነገር በመተው ነው። ጥፋቱ ቁጥሩ ከላብራቶሪ ወጥቶ ውሳኔ ሰጪ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የተተወው ነገር መንገድ ላይ ሲቀር ነው። “ደለሉ ይህን ያህል ይርቃል” የሚለው “ይህን ያህልስ ችግር የለውም” ተብሎ ይነበባል። የመጀመሪያው ልኬት ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ነው። ፍርዱን ማንም ገንዳ አልሰጠም።

ሊመለስ የሚችል ስህተት ላይ በግምት መሄድ ይቻል ይሆናል። የጠፋ ዝርያ ግን እንደ ቪዲዮው ተገልብጦ አይመለስም። ስለዚህ “ጉዳት የለውም” የሚለውን የማስረዳት ሸክም ያለበት ሊቆፍር የመጣው ነው፤ ቀንድ አውጣዋ ጠበቃ የላትም።